በእባብ ሰው ላይ የቀረበ ተቃውሞ

ጀርመኖች ቃልን ከቃል ሲያገናኙ የእኛን አገር የሚኒባስ ረዳት ይመስላሉ። ነገራቸው ሁሉ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ነው። እኛ «አፈ ጉባኤ» ስንል እንኳ በአፉና በጉባኤው መካከል ትንሽ አየር እንተዋለን፤ እነሱ ግን አራት ቃል አንድ ወንበር ላይ ደርድረው በሩን ይዘጉበታል። ሰርከስ ውስጥ ገመድ ላይ የሚሄደውን ሰው ገመድደናሽ ይሉታል፤ እሳት የሚበላውን እሳትዋጭ። እኔን ደግሞ በልጅነቴ በአንድ ከተማቸው ግድግዳ ሁሉ ላይ «ሽላንገንመንሽ» ብለው ለጠፉኝ። ሽላንገ እባብ ነው፣ መንሽ ደግሞ ሰው። እባብሰው ማለት ነው፣ ያለ ክፍተት።

ሥራዬ መተጣጠፍ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አውሮፓን ይዞር በነበረ የወጣቶች ሰርከስ ውስጥ በደረቴ ተኝቼ፣ እግሮቼን በጀርባዬ በኩል አዙሬ ጆሮዬ አጠገብ አቆማለሁ። ከዚያ በእግር ጣቶቼ ባርኔጣ አንስቼ ራሴ ላይ እደፋለሁ። ጀርመኖቹ ብድግ ብለው ያጨበጭባሉ። እናቴ ብታየኝ ወጌሻ ትጠራ ነበር።

ዛሬ እሳትዋጫችን ጨጓራውን ታሞ ሚጥሚጣ አይቀምስም አሉ። እኔ ደህና ነኝ። የምኖረው አትላንታ፣ ቻምብሊ ነው። ሥራዬ ደንዉዲ በሚገኝ የፊዚካል ቴራፒ ክሊኒክ ረዳትነት ነው፤ ዳሌያቸውን ያስቀየሩ አሜሪካኖችን «ትንሽ ጎንበስ በሉ፣ ትንሽ ዞር በሉ» ስል እውላለሁ። ሲዞሩ ያቃስታሉ። እኔ በዚያ በኩል ዞሬ በሌላው በኩል እመለስ እንደነበር ትዝ ይለኛል፣ ግን አልነግራቸውም። የታመመ ሰው ፊት ጉራ ደስ አይልም።

ስለ ቃሉ አመጣጥ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረችኝ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ናት። ጡረታ የወጣች የቋንቋ አስተማሪ ስትሆን፣ እኛን ሴቶቹን ቤቷ ታሳድረን፣ ልብሳችን ሲቀደድም ትሰፋልን ነበር። በፖስተሩ ላይ የተጻፈው ምን ማለት እንደሆነ በሰማሁ ቀን አኮረፍኩ። እባብ! ከገነት ጀምሮ ስሙ የጠፋ እንስሳ! «እኔ እባብ አይደለሁም፣ ዛሬ አልሠራም» ብዬ አልጋዬ ላይ ተጠቅልዬ ተኛሁ። አሮጊቷ መጥታ አጠቃለሌን አየችና ሳቀች። እንደ እባብ ነበር የተጠቀለልኩት።

ከዚያ ወጥ ቤት ወሰደችኝና የስፌት ክር ከጥቅሉ እየፈታች፣ በጣቷ ላይ እየጠመጠመች አስረዳችኝ። ሽላንገ ለእንስሳው ከሰማይ የወረደ ስም አይደለም አለች። የቃሉ ዘመድ ሽሊንገን የሚባል ግስ ነው፤ መጠምጠም፣ መጠማዘዝ፣ ዙሪያውን መዞር ማለት። የድሮ ጀርመኖች ያ ነገር በሣር ውስጥ ሲጠማዘዝ አዩትና «ተጠማዛዡ» አሉት፤ በዚያው ቀረ። መንሽም ቢሆን ድሮ ዛሬ የያዘውን ቦታ አልያዘም፤ ሰውኛ፣ የሰው የሆነ እንደማለት ነበር፤ ቆይቶ ነው ራሱ ሰው የሆነው። «ስለዚህ አንቺ ከእባቡ ስም አልወሰድሽም» አለችኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ በእኔ በባሰው እንግሊዝኛዬ እንዲገባኝ። «መጠማዘዝ የሁለታችሁም ነው። እሱ ቀድሞ ስሙን አስመዘገበ፣ ያ ብቻ ነው።»

ሌላ ቃልም ነበር አለችኝ። አንዳንዱ እንደ እኔ ያለውን ሰው «ካውቹክ ሰው» ይለዋል፣ የላስቲክ ሰው። ላስቲክ መሆኑን አሰብኩት። ላስቲክ ጫማ ነው፣ ጎማ ነው፣ የሚረገጥ ነገር ነው። እባብን ግን ማንም አይረግጠውም፤ ቢረግጠውም ወዮለት። በዚያው ቀን ከኩርፊያዬ ተነሳሁና ሠራሁ፤ ከትርዒቱ በኋላም ከአንድ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ፖስተሩን ገንጥዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። አሁን ቻምብሊ ባለው አፓርታማዬ ኮሪደር ላይ በመስታወት ፍሬም ውስጥ ተሰቅሏል። አረንጓዴ ቅርፊት ቅርፊት ያለው ልብስ ለብሻለሁ፤ እግሮቼ ጆሮዎቼ አጠገብ ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ፊቴ ይስቃል።

አሁን ወደ ጋብቻው ልምጣ።

ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖኝ ሰው ወደድኩ። ዱሉዝ ባለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዳ፣ ረጋ ያለ፣ አንገቱን ደፋ የሚያደርግ ወንድ ነው። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያናችን መኪና ማቆሚያ ላይ ጎማዬ ተንፍሶ ስቆም ነው። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቀይሮልኝ፣ እጁን በሣር ጠርጎ ሄደ። ሌላው ወንድ ቢሆን ጎማ ቀይሮ ስለ ጎማ ታሪክ ግማሽ ቀን ያስተምረኝ ነበር። እኔ የምወደው ዝምታውን ነበር። ብርቱካን ልጦ ግማሹን ያቀብለኛል፣ ነዳጄ ሲያልቅ ሳይነግረኝ ይሞላል፣ ነገር ሲበዛብኝ አጠገቤ ይቀመጣል። ይህን ሰው ማግባት ፈልጌ ነበር፤ እንዲሁ ለወግ ሳይሆን አጥብቄ ፈልጌ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ቢዩፎርድ ሃይዌይ ላይ የተከራየነው አዳራሽ ነው፤ በአንድ በኩል የቬትናሞች ሾርባ ቤት፣ በሌላው በኩል ጎማ ቤት አለ። ጎማ መፍቻው ድርር ሲል አንዳንዴ ከመዝሙሩ ጋር ይገጥማል። በእኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲያስቡ ፎቷቸው በስክሪኑ ላይ ይወጣና፣ «እነዚህ ወንድምና እህት በጋብቻ ሊጣመሩ ስላሰቡ ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች ያቅርብ» ተብሎ ይነገራል። ጥሩ ወግ ነው። አዲስ አበባ ሚስት፣ ናይሮቢ ልጅ አስቀምጦ እዚህ ላጤ ነኝ የሚለውን ይይዘዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማንም አይቃወምም። ሰው የሚቃወመው ፎቶውን ነው፤ «ምነው እንዲህ የሙሽራውን አክስት አስመሰሏት» እያለ።

ማስታወቂያው ሊነገር ሲቃረብ እናቱ ቤቴን ሊያዩ መጡ። እናቱ ልጃቸው ወደዚህ ሳያመጣቸው በፊት ብዙ ዘመን ፍራንክፈርት ቢሮ ሲያጸዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ጀርመንኛውን የተማሩት ከባልዲና ከመወልወያ ጋር ቢሆንም ጥርት አድርገው ያነባሉ። እኔና እሳቸው እስከዚያ ቀን ደህና ነበርን። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ደንዉዲ ወዳለው ቤታቸው እየሄድኩ እንቅስቃሴ አሠራቸው ነበር። «እጅሽ ይባረክ» ይሉኝ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሽላን… ገን… መንሽ» ብለው ከፊደል ወደ ፊደል አነበቡና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሳቸው ግን በወረቀት በረዩ።

«ማን ናት ይቺ?»

«እኔ ነኝ እማማ!» አልኩ፣ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ደስ ብሎኝ።

ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እግሬን አዩ። የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ «ልጄ ይመጣል፣ ልሂድ» አሉ። ልጃቸው ሥራ ላይ ነበር፤ የትም አይመጣም።

በሚቀጥለው እሑድ ፎቷችን ስክሪኑ ላይ ወጣ። እሱ ሱፍ ለብሶ፣ እኔ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ ሁለታችንም የባንክ ማስታወቂያ መስለን። ሰኞ ከሰዓት በእረፍቱ ሰዓት ደወለልኝ።

«ሰማሽ? ማሚ ኦብጀክት አደረገች።»

«ምን?»

«ለሽማግሌዎቹ ደውላ ተቃውሞ አለኝ አለች። ያ የእባብ ነገር።»

«አንተስ ምን አልካት?»

ከኋላው ፎርክሊፍት ጢጥ ጢጥ ይላል። «እኔማ ምን እላለሁ፣ ሺፍት ላይ ነበርኩ» አለ።

ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ይህን ሰው አላገኘውም ነበር ብዬ አሰብኩ። ግን ቶሎ ብዬ ሐሳቤን አባረርኩት። ወድጄዋለሁ እኮ። የወደደ ሰው ያየውን አላየሁም ይላል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለቅዳሜ ከሰዓት ቀጠሩን። እናቱ መኪና አይነዱም፣ እሱ ደግሞ ከዱሉዝ በቀጥታ ከሥራ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቅዳሜ እንደወትሮው ደንዉዲ ሄጄ ጉልበታቸውን አሠራኋቸውና፣ ተቃዋሚዬን በራሴ መኪና ወደ ተቃውሞው አጓጓዝኳቸው። እናቱ ከኋላ ወንበር ነው የተቀመጡት፣ ኡበር አስመስለውኝ። መንገዱን ሁሉ ምንም አላሉም፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ቀይ ነው» አሉኝ። አይቼው ነበር።

የተሰበሰብንበት ክፍል የልጆች ሰንበት ትምህርት ክፍል ነው። ሌላውን ክፍል መዘምራን ይዘውት ነበር። ወንበሮቹ የአራት ዓመት ልጅ ልክ ስለሆኑ ሁላችንም ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ ተቀመጥን። ሽማግሌው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሲታጠፉ ካየኋቸው በኋላ ፖስተር ይገባቸዋል ብዬ አሰብኩ። ግድግዳው ላይ ልጆች የሣሉት መርከብ አለ፤ እንስሳቱ ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈዋል። ሁለት እባቦችም አሉበት፣ ፈገግ ብለው። እነሱን ማንም እንዳልተቃወማቸው ያስታውቃል።

ሽማግሌው በአዘቦት ቀን ቤት ያሻሽጣሉ። ቸር ሰው ናቸው፣ ነገር እንዲያልቅ ብቻ ይወዳሉ። ከጸለይን በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «እህቴ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «ቤት ሲሸጥ ኢንስፔክሽን አለ፣ አይደል? ትንሽ ነገር ይገኛል፣ ፊክስ ይደረጋል፣ ከዚያ ክሎዝ አድርገን ቁልፍ እናስረክባለን።»

«ቤቱ እኔ ነኝ ጋሼ?»

«ምሳሌ ነው። እናታችን ያሉት ይህ ስም ከባድ ስም ነው። ሰው በእባብ ስም ተጠርቶ ወደ ትዳር ሲገባ ጥሩ አይደለም። አንቺ ‹ይህን የእባብ ስም ክጃለሁ› ብለሽ አብረን እንጸልያለን፣ ፖስተሩ ይወርዳል፣ አለቀ። የአምስት ደቂቃ ነገር ነው።»

እናቱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው መርከቡን ያያሉ። እጮኛዬ የዱሉዝ አቧራ ያለበትን ጫማውን ያያል።

እዚህ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ለዓመታት ማንም ስላልጠየቀኝ የተጠራቀመ እውቀት ነበረኝ፤ ወንበሩም አላመቸኝም። የአሮጊቷን ትምህርት አንድ ሳላስቀር አቀረብኩ። ጀርመኖች ቃል እንዴት እንደሚያጣብቁ፣ ሽላንገ ከመጠማዘዝ እንደመጣ፣ መንሽ ሰውኛ እንደነበረ፣ እኔና እባቡ አንድ ሥራ ስለሠራን ብቻ አንድ ስም እንደተካፈልን። የክሩን ነገር እንኳ በሻርፔ ጫፍ አሳየኋቸው። «እማማም ጀርመንኛ ያውቃሉ፣ ይመስክሩ» አልኩ።

እናቱ ትንሽ አሰቡና «ሽሊንገን አዎ፣ መጠምጠም ነው» አሉ፣ ሳይወዱ።

ሽማግሌው በጣም ተመስጠው ነበር። «ይገርማል! ላስቲክ ሰው የሚልም አለ ነው ያልሽው?»

«አለ።»

«ምናለ እሱን በጻፉልሽ ኖሮ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስለዚህ እባቡ ስሙን ያገኘው ከመጠማዘዙ ነው።»

«አዎ ጋሼ!»

«የሁሉም ሥር መጠማዘዙ ነው።»

«ልክ ነው!» አልኩ። አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

«ጥሩ ነው እንግዲህ» አሉ፣ እጃቸውን አጨብጭበው። «እባቡን ተዪው። ሥሩን እንንቀል። መጠማዘዙን ካጂ።»

በገዛ እጄ ቆፍሬ በገዛ እግሬ ገባሁ። ከዚያ በፊት ማንም ስለ መጠማዘዙ አልተናገረም ነበር፤ ጥያቄው ስለ አንድ የባዕድ ቃል ብቻ ነበር፤ ከሥሩ አንስቼ ያስረከብኳቸው እኔ ነኝ። ትምህርት እንዲህ ያደርጋል። መሳቅ አማረኝ።

የእባብ ስም ብቻ ቢሆን ምናልባት እክደው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ትዳሩን ፈልጌው ስለነበር እንደ አሜሪካኖቹ ጣቴን ከኋላዬ አጣምሬ በውሸት እክደው ነበር። መጠማዘዙን ግን አልችልም። ልጅ ሆኜ ገላዬ የእኔ አልነበረም። ዕቃ ለማመላለስ፣ ለእንግዳ ቦታ ለመልቀቅ፣ «ሰብሰብ በይ» ለመባል የተሠራ ገላ ነበር። የሰርከሱ ልምምድ አዳራሽ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከብዙ ልቅሶ በኋላ፣ የገዛ ተረከዜን ከግንባሬ በላይ አየሁት። ደንግጬ ሳቅሁ። በዚያ ቀን ገላዬን ተዋወቅሁት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሰብሰብ ቢለኝ የምሰበሰበው እኔ ስፈልግ ነው። ያን ቀን ክጃለሁ ብዬ በየትኛው ገላ ነው ሙሽራ የምሆነው?

«አልክድም ጋሼ» አልኩ።

ሽማግሌው ተከዙ። «አስቢበት እህቴ። ትዳር እኮ ነው።»

እጮኛዬ ያኔ ቀና አለ። አፉን ሊከፍት ነው።

«ጀስት በይውና እንሂድ» አለኝ በለሆሳስ። «ቢግ ዲል አይደለም። ቃል ብቻ እኮ ነው።»

«ቃል ብቻ ከሆነ አንተ ለምን አንድ አትናገርም?» አልኩት።

ወደ ጫማው ተመለሰ። ከግድግዳው ማዶ ጎማ ቤቱ ድርር አለ፣ አቆመ። ያኔ ከዚያች ትንሽ ወንበር ላይ እናቱ ድንገት ጮኹ።

«ተናገር እንጂ! ምላስህን ማን ቆረጠው?»

ሁላችንም ደነገጥን፤ እሱ ከሁላችንም በላይ። ሽማግሌው «እናታችን፣» አሉ ግራ ተጋብተው፣ «ተቃውሞው የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

«የእኔ ነው! አልደበቅሁም፤ እባብ እፈራለሁ፣ ፈርቼ ተቃወምኩ። እሱ ነው መመለስ ያለበት። ‹እናቴ፣ ተሳስተሻል፣ ይቺ ሴት እንዲህ አይደለችም› ይበለኝ እንጂ! የእሷ ጠበቃ እሱ ነው እኔ?» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ስንት ቀን ሆነ? አንድ ቀን እንኳ መጥተህ ተቆጣኸኝ? ስልክ ደወልክልኝ?»

«ማሚ፣ እኔ ፒስ ነው የምፈልገው» አለ። «አንቺም ደስ እንዲልሽ፣ እሷም ደስ እንዲላት። ሁላችሁም ልክ ናችሁ።»

እናቱ ለረጅም ጊዜ አዩት። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ እየቀዘቀዘ ሄደ፤ የቀረው ድካም ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረው፣ «አንስቻለሁ» አሉ። «ተቃውሞዬን አንስቻለሁ። ልጅቷ ጉልበቴን አድናኛለች፣ እባብ አላየሁባትም።»

ሽማግሌው ከወንበሩ በደስታ ሊነሱ ሲሉ ወንበሩ አብሯቸው ተነሳ። አላቀቁትና፣ «ተመስገን! እንግዲያው ክሎዝ ነው» አሉ። ከዚያ ከልማድ ብዛት፣ ከመድረኩ ላይ እንደሚናገሩት፣ «ሌላ ተቃውሞ ያለው አለ?» ብለው ጨመሩ። እንዲሁ ለወጉ ነበር።

እጮኛዬን አየሁት። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ጥሩ ፈገግታ ነው፣ የምወደው ፈገግታ። ግን የዳነ ሰው ፈገግታ ነበር፤ ዝናቡ ያለ እሱ ድካም ያባራለት ሰው። ወደፊት ያለውን ዘመን ሁሉ በዚያ ፈገግታ ውስጥ አየሁት። አከራይ ሲጮህብኝ፣ ሐኪም ሲያዋርደኝ፣ የገዛ ዘመዶቹ ሲያሙኝ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ግማሹን ያቀብለኛል።

እጄን አወጣሁ።

«አቤት እህቴ?» አሉ ሽማግሌው።

«ተቃውሞ አለኝ።»

«በማን ላይ?»

«በእሱ ላይ ጋሼ።»

ሽማግሌው እንደገና ተቀመጡ። በእሱ ላይ እስካሁን ማንም አልተቃወመም ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ሰው ነው። እሱ ለጊዜው ምንም አልገባውም። «ለምን? አልቋል እኮ፣ ማሚ አንስታለች እኮ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ እውነተኛ ግራ መጋባት ነበር፤ ያ ነው ከሁሉም በላይ አንጀቴን የበላው። «አውቃለሁ፣ እሳቸው አንስተዋል» አልኩት። ጸለይን፤ ሽማግሌው ምን ብለው እንደሚጸልዩ ጠፍቷቸው ስለ መንገድ ሰላም ጸለዩ።

መኪና ማቆሚያው ላይ እሱ የመኪናውን በር ከፍቶ «ማሚ ነይ፣ እኔ ላድርስሽ» አለ። እናቱ ግን «በመጣሁበት እመለሳለሁ» ብለው ወደ እኔ መኪና ሄዱ። አልዋሽም፣ እያለቀስኩ ነበር የምነዳው። እንዲህ ያደረጉ ሴቶች ስለ ነፃነት፣ ስለ ክብር ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ያኔ የተሰማኝ ኀዘን ብቻ ነበር፣ ጎማ ቀይሮልኝ እጁን በሣር የጠረገው ሰውዬ ናፈቀኝ፣ ገና ከመኪና ማቆሚያው ሳንወጣ ናፈቀኝ።

ደንዉዲ፣ ቤታቸው በር ላይ ስቆም እናቱ አልወረዱም።

«ልጄን አሳዘንሽው» አሉ።

«አውቃለሁ እማማ። እኔም አዝኛለሁ።»

«አባቱም ሰላም ወዳድ ነበሩ።»

ሞተሩን አጠፋሁ።

«እናታቸው ቤቴ ይመጡና ወጤን፣ ቀሚሴን፣ የልጅ አያያዜን ሲያብጠለጥሉ ይውላሉ። ባለቤቴ ጋዜጣ ያነባሉ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ‹እናቴ፣ ተይ› አላሉም። ሲሞቱ ያልተላቀሰ ሰው የለም፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም እየተባለ። እውነት ነው፣ አይወጣም። ደግ ቃልም አልወጣም።» ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። «እኔንም ሽማግሌ ፊት አቁመው ጠይቀውኝ ነበር፣ ያኔ፣ ከመጋባታችን በፊት። የሚቃወም አለ ወይ ብለው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እጄን አላወጣሁም» አሉና ቀበቷቸውን ፈቱ።